በቀጠናው የቀረው የብርቱካን እርሻ

የብርቱካን ዛፎቹ መታመማቸውን ወረዳው ሁሉ ያወቀው ፍሬው አልበስል ሲል ነው። አንድ ጎኑ ቢጫ፣ አንድ ጎኑ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሲቀመስ ይመራል። ነጋዴው ያነሣውና አገላብጦ አይቶት፣ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መድኃኒት የለውም። በሽታውን ከዛፍ ዛፍ ይዛ የምትዞረው ከቁንጫ የማትበልጥ ነፍሳት ናት፤ እሷ ደግሞ አጥር አታውቅ፣ ወሰን አታውቅ።

መንግሥት ቆይቶም ቢሆን አንድ ነገር ወሰነ። የታመመ ዛፉን ነቅሎ ላቃጠለ ገበሬ ድጎማ ይከፈለዋል፤ ለአዲስ ችግኝ መግዣ፣ ችግኙ ለፍሬ እስኪደርስም መተዳደሪያ የሚሆን። ነገር ግን ክፍያው የሚለቀቀው በአንድ ቀጠና ውስጥ ያሉ እርሻዎች በሙሉ ሲነቀሉ ነው ተባለ። አንዱ ነቅሎ ሌላው ከተወው ነፍሳቷ ተመልሳ አዲሱን ችግኝ ትበክለዋለች፤ ገንዘቡም ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

በወንዙ ዳር ባለው ቀጠና ሁሉም እያለቀሰም እየተሳደበም ነቀለ። አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ አባ እምቢ።

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አልነበረም፤ ያንን ግን ከግብር ሰብሳቢው በቀር የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም። የመስኖ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይሁኑ ሲባሉ እምቢ፣ ዋጋ ይቀንሱ ሲባሉ እምቢ፣ ጉልበትዎን ይታከሙ ሲባሉ እምቢ። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። የጎረቤት ፓምፕ ሲቃጠል የራሳቸውን መስኖ አቁመው ውሃ የሚያጋሩ ናቸው። ብቻ ሰው ሲገፋቸው አይወዱም።

አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ናት። አንድ ልጃቸው ብርቱካን ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ የመኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ዘመዶቿ መጥተው፣ «ገና ወጣት ነሽ፤ ልጅም የለሽ፤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ምን ያስቀምጥሻል?» አሏት። «ሥራ አለብኝ» ብላ መለሰችላቸው። እውነቷን ነው፤ ሥራ ነበረባት። መድኃኒት የምትረጨው እሷ፣ ከነጋዴ ጋር የምትጨቃጨቀው እሷ፣ የፓምፑን ማጣሪያ ፈትታ የምታጥበው እሷ ናት። አባ እምቢ ደግሞ ማለዳ ማለዳ የእርሻ ቦት ጫማዋን ገልብጠው፣ ጊንጥ እንዳይገባበት ጠብ ጠብ አድርገው አራግፈው፣ በሩ ላይ አስተካክለው ያስቀምጡላታል። ስለ ሟቹ ሁለቱም አያወሩም። አንዱ ቢጀምር ሌላው እንዳይፈርስ እየፈራ፣ ነገሩ እንዲሁ በየሆዳቸው ቀረ።

አንድ ቀን ከግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያው መጣ። ሁልጊዜ ቅጠል በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ስለሚዞር ሰው «ዶክተር ቅጠል» ይለዋል። ሞተር ብስክሌቱን ከግቢው በር ላይ አቁሞ ገባ።

«ጋሼ፣ ዛሬም መጣሁ።»

«አውቄአለሁ። ጭስህ ቀድሞህ ነው የደረሰው።»

«ስድስት ጎረቤቶችዎ ነቅለው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል። በእርስዎ ምክንያት ክፍያቸው አልተለቀቀም።»

«በኔ ምክንያት?» አባ እምቢ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ገንዘባቸውን እኔ ትራስ ሥር ነው የደበቅሁት?»

«አይደለም፤ ደንቡ…»

«ደንቡን ተወው። አንተ ሳትወለድ አንዱ እንዳንተ በሞተር መጣና፣ ‹ጥጡን ንቀሉ፣ ብርቱካን ትከሉ፣ መንግሥት ይደግፋችኋል› አለን። ነቀልን። ድጋፉ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው፤ ጎማ ሳይፈነዳበት አይቀርም።»

ባለሙያው ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ኮስተር ብሎ፣ «ያንን ልክድዎ አልችልም፤ አባቴም ጥጥ ከነቀሉት አንዱ ነው» አለ። «የአሁኑ ግን ወሬ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ተከፍሏቸዋል፤ ሄደው ይጠይቁ።»

አባ እምቢ ዓይናቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። ለነዚያ ዛፎች ጉድጓዱን የቆፈረው ያኔ ጢሙ ገና ያላቀመቀመው ልጃቸው ነው። ይህን ምራታቸው ታውቃለች፤ ባለሙያው ግን አያውቅም።

ልጅቱ፣ ምራታቸው፣ ባለሙያውን ልትሸኝ ወጣች። በር ላይ ሲደርሱ ቀስ ብላ፣ «ግማሹ መሬት ከባለቤቴ ወደ እኔ የተላለፈ ነው። የእኔ ብቻ ቢነቀልስ?» አለችው።

«ክፍያውን አያስለቅቅም።»

«ስለ ክፍያው አልጠየቅሁህም። ለጎረቤት ይጠቅማል ወይ?»

ባለሙያው ትንሽ አሰበ። «ሲስተርን በግማሽ ይጠቅማታል። መሬቷ ከሁለታችሁም ድርሻ ጋር ይዋሰናል። ጠብቂ ብያት ነበር፤ ዝናቡ እንዳያመልጠኝ ብላ ከወንድሟ ተበድራ ችግኝ ተክላለች።»

ሲስተር የሚሏት የጤና ጣቢያ ነርስነቷን ለቃ ያላትን ሁሉ መሬት ላይ ያፈሰሰች ጎረቤታቸው ናት። ልጅቱ ያን ቀን ሙሉ ሥራ ስትሠራ ሐሳቧ ከዚያች ሴት ችግኞች ላይ አልተነሣም።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ደብቄ የማደርገው ነገር የለም፤ ስለዚህ ይስሙኝ። የእኔን ድርሻ ላስነቅል ነው።»

አባ እምቢ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ያንቺ ድርሻ የልጄ ድርሻ ነው።»

«አዎ። ለኔ የተወልኝ።»

«ሲነቀል ቆመሽ ልታዪ ነው?»

«ቆሜ አያለሁ።» ወደ እሳቸው ቀረብ አለች። «እሱ እንደሆነ ዛፍ አይደለም አባባ። ዛፎቹን ያቆየናቸው እሱን ያቆየን እየመሰለን ነው። አይደለም። ታመዋል፤ የሰውም ዛፍ እያሳመሙ ነው።»

አባ እምቢ ሳህናቸውን አንሥተው ወጥተው ደጅ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፏት።

ዛፍ መንቀያው ስካቫተር የመጣ ዕለት ኦፕሬተሩን ስታየው አወቀችው። ከባለቤቷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ጓደኛው ነው። ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ፣ «እርግጠኛ ነሽ? ሞተሩን ላጥፋና ትንሽ እናውራ?» አላት።

«እንዳታጠፋው! ካጠፋኸው ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

አላጠፋውም። የመጀመሪያው ዛፍ ሲነቀል ሥሩ እንደ ወፍራም ጨርቅ ተቀደደ። ቀዩ አፈር ከሥሩ ላይ እየረገፈ፣ ዛፉ አየር ላይ ትንሽ ተንጠልጥሎ ቆየና ተጋደመ። ሁለተኛውን አየች፤ ሦስተኛውንም አየች። ከዚያ ወደ ፓምፕ ቤቱ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የሞተሩ ድምፅ እንዲሸፍንላት ፓምፑን አስነሥታ አለቀሰች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። ምንም እንዳልሆነ ሰው ቅርንጫፍ እየጎተተች ለእሳት መከመር ጀመረች። አባ እምቢ በራሳቸው ድርሻ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ውሃ ያጠጣሉ። ጭሱ ሲደርስባቸው እንኳ ዞር አላሉም።

ኩርፊያው ሰነበተ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነው በራዲዮ ድምፅ ብቻ ተቀመጡ። ጨው ስጪኝ ላለማለት አልጫውን ይበላሉ። አንድ ነገር ብቻ አልተቋረጠም፤ ማለዳ በሩን ስትከፍት ቦት ጫማዋ ተራግፎ፣ አፍንጫው ወደ ውጪ ዞሮ ይጠብቃታል። በመጀመሪያው ቀን ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ተኳርፈናል እንጂ አልተጣላንም ስትል ራሷን አጽናናች።

ጎረቤቶቹ ግን ትዕግሥታቸው እያለቀ ነበር። አንዱ መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ «አባ እምቢን ጨምረሽ ብታስነቅያቸው ምናለ?» አላት። ቀልድ ነው፤ ግን እየሳቀ አልነበረም። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። የራሷን ነቅላም የሰው ዓይን ከመሸሽ አልዳነችም።

እንዲህ ባለበት ነው አንድ ጠዋት ሲስተር ግቢያቸው የመጣችው። በእጇ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ልጅቱ ጠብ የመጣ መስሏት ቶሎ ብላ ከፊቷ ቆመች።

«ለጠብ አልመጣሁም» አለች ሲስተር። «ጋሼ አሉ?»

አባ እምቢ ከጥላው ሥር ሆነው ሰምተዋል። «አለሁ። ነይ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። ፋሻውን ፈታች። ውስጡ አንድ የብርቱካን ቅጠል ነበር፤ ወጣት፣ ለስላሳ፣ ግን ተዥጎርጉሯል።

«ዶክተር ቅጠል ለሥልጠና ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራም። እስኪመጣ መጠበቅ አቃተኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ጋሼ፣ ከርስዎ የበለጠ ብርቱካን የሚያውቅ እዚህ የለም። ይዩልኝና እውነቱን ይንገሩኝ። የማዳበሪያ እጥረት ሊሆን ይችላል አይደል?»

ልጅቱ ሽማግሌውን አየቻቸው። አዎ ማዳበሪያ ነው ብለው ሊሸኟት ይችሉ ነበር። ሴትዮዋም ለጊዜው ደስ ብሏት ትመለስ ነበር። እሳቸው ግን ቅጠሉን ሳይነኩት ተነሡና ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ከነዛፉ ልየው» አሉ።

ሦስቱም ወደ ሲስተር እርሻ ሄዱ። ችግኞቹ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብለዋል፤ መስመራቸው በገመድ የተሰመረ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ገለባ ተነጥፏል። በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የተያዘ ማሳ አባ እምቢ ካዩ ቆይተዋል። የታመመው ችግኝ ጋ ሲደርሱ የሚያማቸውን ጉልበት አጥፈው ተንበረከኩ፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ገልጠው ያዙት።

«እጥረት ቢሆን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከመሐል አጥንቱ ወዲህና ወዲያ ያለው እኩል ነው የሚገረጣው። አንዱ ጎን የሌላው መልክ ነው የሚሆነው። ይሄ ግን…» ጣታቸውን በቅጠሉ ላይ አስኬዱ። በግራ በኩል ያለው ቢጫ በቀኝ በኩል የለም።

«ይሄ ግን?» አለች ሲስተር።

አባ እምቢ ቅጠሉን ለቀቁት። «በሽታው ነው፣ ልጄ።»

ሲስተር እዚያው ትልሙ ላይ ቁጭ አለች። «ነርስ ሆኜ ይህን ለስንት ሰው ተናግሬአለሁ» አለች። «እንዴት እንደሚሰማ አሁን ገና ገባኝ።»

«ሌላስ አለ? አሳዪኝ።»

እየዞሩ አዩ። በብዛት አልተያዘም፤ የተያዘው ግን ሁሉ በአንድ ወገን ነበር፤ ከአባ እምቢ ማሳ ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ ላይ። ልጅቱ በነቀለችበት በኩል ያሉት ችግኞች ንጹሕ ናቸው። ይህን መናገር አላስፈለገም፤ ሦስቱም ገበሬዎች ናቸው።

አባ እምቢ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ።»

«እኔም ቸኩያለሁ ጋሼ። ጠብቂ ተብዬ ነበር።»

«የአንቺ መቸኮል ነው። የኔ ግን ሌላ ነው። አታቅልዪልኝ።»

ሲመለሱ ልጅቱ ከኋላቸው ትከተላለች። አባ እምቢ እያነከሱ፣ በባዶው በሷ ድርሻ መሐል አቋርጠው አለፉ፤ ከተነቀለ በኋላ ሲረግጡት የመጀመሪያቸው ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ያ የስካቫተር ልጅ» አሉ ሳይዞሩ፣ «አሁን የት ነው የሚሠራው?»

በዚያው ሳምንት ኦፕሬተሩ ተመልሶ መጣ። ልጅቱ አባ እምቢ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ ብላ አስባ ነበር፤ እሳቸውን ግን ከስካቫተሩ ቀድመው ማሳ ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንዱን ዛፍ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ከዚህ ጀምር» አሉት። «የመጀመሪያው ይሄ ነው። ልጄ ጉድጓዱን ሲቆፍር በአካፋ እግሩን መታው። እናቱ እንዳታይበት አንድ ሳምንት ሙሉ ካልሲ አድርጎ ነው የተኛው።»

ኦፕሬተሩ ሳቀ። «እኛንማ ውሻ ነከሰኝ ነው ያለን! ልጆቹ ሁሉ ያን ውሻ ፍለጋ ወጥተን ነበር።»

«ውሻ?» አሉ አባ እምቢ። «የት ያለ ውሻ?»

«የሌለ ውሻ! ጥቁር ነው፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል ብሎ መልኩን ሁሉ ነግሮናል።»

ልጅቱ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ባሏ ውሻ እፈራለሁ ሲላት ነበር የኖረው፤ ለካ ያ የሌለው ውሻ ነው። ሳቋ ሳታስበው ፈነዳ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ ከቀብሩ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየችው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ተከፈተ ቦይ ሆነ። ስካቫተሩ አንድ መስመር ሲጨርስ ሌላ ወሬ ይጀመራል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው «እኔን እንዲህ አላለኝም!» ይላል። መሐል ላይ ሽማግሌው ፊታቸውን በመሐረብ የሚጠርጉበት ጊዜ ነበር። ግን ደግሞ ይቀጥላሉ። ምሳ ሲበሉ ስለ ሟቹ ስሙን እየጠሩ አወሩ። ሲመሽ ማሳው ባዶ ሆነ፤ የሦስቱም ድምፅ በወሬ ሰልሎ ነበር።

ዶክተር ቅጠል ከሥልጠናው ተመልሶ ቀጠናውን እየዞረ አየና መጽዳቱን አረጋግጦ ሪፖርት ላከ። ከዚያ መጠበቅ መጣ። መጠበቁ ቀላል አልነበረም። ክፍያው ሲዘገይ ያ መንገድ ላይ ሲያፌዝ የነበረው ጎረቤት ግቢያቸው ድረስ መጥቶ፣ «አባ እምቢ፣ እውነትዎን ሳይሆን አይቀርም» አለ። ሽማግሌው ግን፣ «ተወው እንጠብቅ። ባይመጣም የነቀልኩት ለገንዘቡ አይደለም» አሉት። ልጅቱ ከውስጥ ሆና ሰማች፤ ደስ አላት።

በመጨረሻ ክፍያው መጣ። ሲስተር ስልኳን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጋ በማሳው መሐል እየሮጠች ነው የነገረቻቸው። አባ እምቢ ግን በስልክ መልእክት አላመኑም። ምራታቸውን ይዘው ባንክ ሄዱ፤ ሰልፉን ጠብቀው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ገንዘብ ያዧን፣ «የላከው ማን እንደሆነ አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። «ድገሚልኝ።» ደገመችላቸው። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው መንጫጫት ጀመረ።

አባ እምቢ ወደ ሰልፉ ዞሩ። «እንግዲህ ተሳስቻለሁ» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ።

ሲስተር የተያዙትን ችግኞች ነቅላ አቃጥላ ነበር። ምትኩን ሽማግሌው ሊገዙላት አሰቡ፤ እሷ አልቀበልም አለች። «እምቢ ማለት የኔ ሥራ ነው፤ አትሻሚኝ» ብለው አስቀበሏት። ሰባቱ እርሻዎችም ለየብቻ ከመሮጥ ተስማምተው፣ ችግኙን ነፍሳት በማያስገባ የመረብ ቤት ውስጥ ከሚያፈላ አንድ ቦታ በጋራ አዘዙ። ምራትና አማት ደግሞ በመስመሮቹ መሐል ምን ይዘራ በሚለው ተከራከሩ። እሳቸው ሽንኩርት አሉ፤ እሷ ቃሪያ አለች። ቃሪያ ተተከለ። ቃሪያው ጥሩ ገበያ ሲያገኝ አባ እምቢ፣ «ሽንኩርትም ይህን ያህል ያወጣ ነበር» ብለው ከሣጥን ሣጥን እየተዘዋወሩ ጫኑ።

ችግኞቹ አዲስ ቅጠል ባወጡበት ወቅት ዶክተር ቅጠል ለምርመራ መጣ። የሰባቱም እርሻ ባለቤቶች ከኋላው ተከተሉት፤ ሰው ልጁን ሐኪም ፊት አቅርቦ ሲጠብቅ እንደሚሆነው ዓይናቸው ከእጁ ላይ አይነሣም። ባለሙያው በየመስመሩ ጎንበስ እያለ ቅጠል ይገልጣል፣ በማጉያ መነጽሩ ያያል፣ ይቀጥላል። ከሲስተር ማሳ ጀምሮ እስከ አባ እምቢ ዳርቻ ድረስ እንዲሁ ሄደ። የመጨረሻውን ችግኝ ለቆ ቀና ሲል ወገቡን ያዘ።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ሁሉም።»

ሲስተር ልጅቱን አቀፈቻት። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ትከሻ ይመታቱ ጀመር። አባ እምቢ ግን ባለሙያውን በክንዱ ይዘው፣ «ያንን ጥግ በደንብ አላየኸውም፤ ፀሐይ በዓይንህ ነበረች» አሉት።

«ጋሼ፣ አይቻለሁ እኮ!»

«ለኔ ስትል።»

ሁለቱ ወደ ጥጉ ተመለሱ። ሽማግሌው በእጃቸው ለባለሙያው ፀሐዩን እየከለሉለት፣ እሱ ቅጠሎቹን እንደገና አንድ በአንድ ገለጠ። ልጅቱ የቀረውን አልጠበቀችም። ማጠጣት ነበረባት። ሄዳ የቧንቧውን መዝጊያ ከፈተች፤ ውሃው ትንሽ አየር እየተፋ ቆየና፣ በየትልሙ መግባት ጀመረ።